እናቴ አገር ስታሳየኝ

አስጎብኚ ነኝ። ፈቃድ የለኝም፣ አንገቴ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ የለኝም፤ ምላስ ግን አለኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ወንበር አላሞቅሁም። ቢሆንም እንግዳ ይዤ አንዱ ደብር በር ላይ ቆሜ "ይኼ ቤተ ክርስቲያን ሺህ ዓመቱ ነው" ካልሁ፣ እንግዳው ኮፍያውን አውልቆ ቀና ብሎ ያያል። አንዴ እንዲሁ ስቀድድ፣ ሕንጻውን የሠሩት አናጢ ለካ ከኋላየ ቆመው ይሰሙኛል።

"አለበል፣ እኔ ሺህ ዓመቴ ነው?"

"እድሜ ይስጥዎት ብየ ነው፣ አባባ።"

እንግዶቹ ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አምስት መቶ አድርጌዋለሁ።

አሁን እንግዳ የለም። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈትና ሳምንት ይዘጋል። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብየ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ነው የሚያልፈው። ሰው ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይበዛበታል ይላሉ። እኔ አልበዛብኝም። አንድ ሐሳብ ነው ያለኝ፤ እሱ ግን አይለቀኝም።

ድሮ እንግዶቹ "ሥራውን ማን አስተማረህ?" ይሉኝ ነበር። "እናቴ" እላቸዋለሁ። "እናቴ እንቁ ትባላለች። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ክረምት በመጣ ቁጥር እጄን ይዛ ጎጃምን አሳይታኛለች።" ይኼን ስል ሴቶቹ ደረታቸውን ይይዛሉ፤ ፈረንጆቹም "ኦው" ይላሉ። አልዋሸሁም። እኔ ያየሁት እንደዚያ ነበር። የቀረውን ነው ለማንም ያልነገርሁት።

ነሐሴ ገባ ማለት ጉዞ ገባ ማለት ነበር። የሰፈር ልጆች ጭቃ ሲያቦኩ እኔ አገር ላይ ነኝ! እናቴ ትልቅ ሰማያዊ የላስቲክ ሳፋ በነጠላ ጠፍራ ታዝላለች። ሳፋው ውስጥ በሶ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ሳሙና አለ፣ የኔ ሹራብ አለ። ከኋላዋ ስከተል ትልቅ ኤሊ የምነዳ ይመስለኝ ነበር።

"እትየ እንቁ!" ይላል የሚኒባሱ ረዳት፣ "ከሁለት አንዳችሁ ቁሙ። ወይ ሳፋው ወይ እርስዎ!"

"ና እስቲ አንተን ልዘፍዝፍህ። ውሃ ከነካህ ስንት ጊዜህ ነው?"

መኪናው በሳቅ ይሞላል። ረዳቱ ራሱ ሳፋውን ጣራ ላይ ያስራል። እናቴ እንዲህ ነበረች፤ ከማንም ጋር ተጫውታ ቦታ ታገኛለች።

እንዲያውም ሳቂተኛ ነበረች። መኪና ውስጥ ስንሄድ በድንገት ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ድረስ። ምን እንዳሳቃት አላውቅም፤ ብቻ እኔም አብሬያት እስቅ ነበር። ሰው ዞሮ ሲያየን ደግሞ ይበልጥ እስቃለሁ። ሳፋው ውስጥ ለምን ሁልጊዜ ትርፍ ነጠላ እንደምትይዝ፣ ወንዝ ባገኘን ቁጥርም ለምን እኔን ዘወር አድርጋ ነጠላዋን እንደምታጥብ አልጠየቅሁም። ንጹሕ ሴት ናት፣ በቃ።

ከመውጣታችን በፊት ጎረቤታችን ያምሮት በር ላይ መቆሟ አይቀርም።

"ዘንድሮም ልትዞሪ ነው?"

"ልዙር እንጂ።"

"ደረትሽ እንዲህ እያደረገሽ?"

"እና ደረቴን ለማን ልተወው? ይዤው ነው የምዞረው።"

"ሰው እኮ ከፈለገ በእግሩ ይመጣል፣ እንቁ። ያልፈለገን…"

"ልጁ ይሰማል" ትላለች እናቴ።

ልጁ ይሰማል። ልጁ የገባው ግን ያምሮት እንደቀናችብን ነው። እሷ አንድም ቀን ከሰፈር ወጥታ አታውቅማ! ከሳፋው ጀርባ ምላሴን አወጣባታለሁ። እሷ ጫማዋን ታነሳለች። ጉዞው በዚህ ይጀመራል።

ጅጋን በሰባት ዓመቴ ጨረስኋት። ገበያውን፣ አህያውን፣ ከገጠር በእግሩ የሚመጣውን ሰው፣ ሁሉንም። እናቴ ግን ገበያ ላይ ብዙ አትቆይም። ወደ ደብሩ ነው የምትሄደው፤ ከደብሩም ወደ ቅኔ ቤቱ፣ ከቅኔ ቤቱም ወደ ተማሪዎቹ። እኔ ቅኔ ቤት ስወድ! ተማሪዎቹ ደበሎ ለብሰው በግ ይመስላሉ። ጎጇቸው ትንንሽ ነው፤ የኔ ቁመት እንኳ ጣራውን ይነካል። ከውሻ ጋር ተጣልተው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብለው የለመኑትን ቁራሽ ለኔ ያካፍሉኛል። አሁን ሳስበው፣ የለማኝ እንጀራ ለምኜ የበላሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በስምንት ዓመቴ ገበዝ ማርያም ሄድን። እዚያ ብርዱ ሌላ ነው፤ ጥርስህ ሳትጠይቀው ያወራል። እናቴ አንድ ቤት ገብታ ውሃ ለብ አስደረገች፣ ሳፋዋን ቅኔ ቤቱ አጥር ሥር አስቀመጠች፣ ቀሚሷን ሰብስባ በርከክ አለች።

"ልጆቸ፣ ኑ እግራችሁን ልጠባችሁ።"

"ኧረ ይተዉ እናታለም" አላት አንዱ ረጅም ተማሪ፣ "የኛ እግር እኮ ከበሬም ይብሳል።"

"በሬም አጥቤ አውቃለሁ። ይልቅ አምጣ።"

ተማሪው እያፈረ ነከረ። ውስጥ እግሩን ስትነካው ግን ዘሎ ሊወድቅ ነበር።

"ይኮረኩረኛል!"

"ውሻ የማይፈራ እግር ሳሙና ፈራ?"

ሌሎቹ ተሳሳቁበት። ከዚያ ሁሉም ተሰለፉ። እንግዳን እግሩን ማጠብ ያገር ወግ ነው፤ ለተማሪ ማድረግ ደግሞ ጽድቅ ነው። ማንንም አልገረመውም። እኔን የገረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀኝ እግራቸውን ቸብ ቸብ አድርጋ ትለቀዋለች። ግራውን ግን ታቆየዋለች። ጭቃው ለቅቆ ቆዳው እስኪታይ ተረከዛቸውን በአውራ ጣቷ ታሻለች፣ ትዳብሳለች፣ ጎንበስ ብላ ታያለች። ከዚያ "ተባረክ" ትልና ቀጣዩን ትጠራለች። እኔ ግራ እግር ይበልጥ ይቆሽሻል ማለት ነው ብየ፣ ለዓመታት ግራየን ስፈትግ ኖሬያለሁ።

መምህሩ፣ የኔታ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ ሲያዩዋት ቆዩ።

"ልጀ፣ ጽድቅሽን እግዜር ይቁጠርልሽ። እዚህ ግን ስምና አገር አይጠየቅም።"

"እኔ መች ጠየቅሁ፣ የኔታ? እግር ነው ያጠብሁ።"

እሳቸው ሊሄዱ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ባለፈው ዓመት ወደ ቡሬ የወረዱ አሉ። እኔ አልነገርሁሽም" አሏት። እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ወደቀች። እኔ ደግሞ ቡሬን ልናይ ነው ብየ ጨፈርሁ።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው ያምሮት እውነቱን የነገረችኝ። ለጓደኞቼ ስለ ጉብኝታችን ስደነፋ ምስር እየለቀመች ትሰማኝ ነበር። "ጉብኝት?" አለች። "ዳኘውን ስትፈልግ እኮ ነው እናትህ ያለቀችው።"

ዳኘው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሲሄድ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የማስታውሰው ትከሻውን ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ተቀምጬ ነበር አገሩን የማየው። "የት ሄደ?" ስላት እናቴ "ትምህርት ቤት" ትለኛለች። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ሰው ከዚያ ሰዓቱ ሲደርስ እንደሚለቀቅ አውቃለሁ። ስለዚህ አላሳሰበኝም።

አባታችን ሲሞት፣ እናቴ ዳኘውን ከቄስ ትምህርት ቤት አውጥታ ወፍጮ ቤት አስቀጠረችው። እሱ ልቡ ቅኔ ላይ ነው። አንድ ቀን ዳዊት በቃሉ እያነበነበ የአንዷን ጤፍ ከሌላዋ በቆሎ ጋር ፈጨው። እናቴ ሰው ፊት በጥፊ መታችውና "ቅኔ ጎመን አይሆንም!" አለችው። በማግስቱ የለም። ቅኔ ቤት ገባ።

ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ደግሞ እናቱ የምታውቀው ልጅ አይደለም። ቤተሰብ መጥቶ ለእርሻ እንዳይመልሰው ስሙን ይለውጣል፣ አገሩን ይደብቃል። የጎጃሙ "ከላስታ ነኝ" ይላል፣ የላስታው "ከጎጃም።" ወላጅ አለህ ቢሉት የለኝም ይላል። አንድ ቦታም አይከርምም። እናት መጥታ "ዳኘው የሚባል አለ?" ብትል "የለም" ይሏታል። ዋሹ አይባልም፤ በዚያ ስም የለማ! እናቴ ይኼን ስታውቅ ስም መጠየቁን ተወችው። ዳኘው ልጅ ሳለ የደመራ ፍም ረግጦ ግራ ተረከዙ ተቃጥሎ ነበር። ስም ይለወጣል፣ ጠባሳ አይለወጥም። አገር ምድሩን እግር ስታጥብ የዞረችው አንዲት ጠባሳ ፍለጋ ነው። ልትመልሰውም አልነበረም። "መታሁህ፣ ማረኝ ልበለው እንጂ እሱስ ይማር" ትላት ነበር ያምሮትን።

ቡሬ የደረስን በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሾላ ወንዝ ጊዮርጊስ የሚባል ደብር አለ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ወንዙ ሞልቷል። እናቴ ወዲህ ማዶ ያሉትን ተማሪዎች ሁሉ አጠበች። ከጠዋት እስከ ቀትር። አንዱም አይደለም። የመጨረሻውን "ተባረክ" ብላ ስትሸኘው ድምጿ አልወጣም። ሾላው ሥር ቁጭ አለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

አንድ ተማሪ "ልብስ ሊያጥቡ ወደ ማዶ የተሻገሩም አሉ" አላት።

ወደ ማዶ መሻገሪያው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ተነስታ አንድ እግሯን አስቀመጠች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

"አለበል፣ የኔ ጌታ። አንተ ቀላል ነህ። ሄደህ እይልኝ። ተማሪ ካለ፣ እናቴ እግራችሁን ልታጥብ ትጠራችኋለች በል። አንድም ቢሆን ይዘህ ና፣ እሽ?"

"እሽ እምየ!"

ተልኬ ስሮጥ ንጉሥ የላከኝ ያህል ነው የተሰማኝ። በግንዱ ላይ እጄን ዘርግቼ ተሻገርሁ። ማዶ ቁጥቋጦውን ዞር ስል አንድ ረጅም ተማሪ ብቻውን ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ልብስ በእንዶድ ይረግጣል።

"ማነህ አንተ ጩጨ?" አለኝ።

"እንግዳ ነኝ። እናቴ እግርህን ልታጥብህ ትጠራሃለች።"

"የኔን እግር? እናትህ ሥራ ፈት ናት እንዴ?"

"አይደለችም! እንቁ ናት። የፍኖተ ሰላም።"

የያዘውን ልብስ ለቀቀው። ውሃው ይዞት ሄደ፤ እሱ ግን አላየውም። "ልብስህ ሄደ! ልብስህ ሄደ!" እያልሁ በሳቅ ሞትሁ። እየተደናቀፈ ወጣና ቁጥቋጦውን በሁለት እጁ ፈልቀቅ አድርጎ ወደ ማዶ አየ። እናቴ ሳፋውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ፊቱ ሁሉ ውሃ ሆነ። የእንዶዱ አረፋ ዓይኑ ውስጥ ገባ ብየ "እሸው" አልሁት።

እሱ እያያት እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሱ ክንዴን ያዘኝ። አጥብቆ ነበር የያዘኝ።

"ምን ሆናለች? ታስላለች እንዴ?"

"አታስልም። እየሳቀች ነው።"

"እየሳቀች?"

"እሷ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ሚኒባስ ውስጥም ትስቃለች። ስትስቅ እንባዋ ይወጣል።"

ለቀቀኝ። "ተመስገን" አለ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ "ተመስገን፣ ደህና ናት" አለ። ከዚያ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። "ትልቅ ሆነሃል" አለኝ፤ አይቶኝ የማያውቅ ሰው እንዴት ትልቅ ሆነሃል ይለኛል? ይኼን የምጠይቀው አሁን ነው። ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ። ትልቅ ሆነሃል ሲሉኝ እወድ ነበር።

"ስምህ ማነው?" አልሁት።

"ክንፈሚካኤል። ከላስታ።" ቀና ብሎ ደግሞ ወደ ማዶ አየ። "ስማኝ ጎበዝ። አንድ ጨዋታ እንጫወት። ለእናትህ እኔን እንዳየህ አትነግራትም። ማዶ ማንም የለም ትላታለህ።"

"ለምን?"

"ዘንድሮ የመጨረሻየ ነው። ሳይጨርስ የእናቱ እጅ የነካው ተማሪ ልቡ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ቅኔው ይጠፋዋል። ለከርሞ ጨርሼ፣ መምህር ተብየ፣ በሩ ላይ ቆሜ ነው የምቀበላችሁ። ያን ጊዜ ታያለህ ደስታዋን። አንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመት ምን አላት?"

"ምን ትሰጠኛለህ?"

ከወገቡ ቋጠሮ ፈታና ሁለት እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ገለበጠልኝ። ማልሁለት። እናቴን ስቀጣጥፍ ይኼ የመጀመሪያየ አይደለም፤ እንዲህ ያማረ ምክንያት ግን አግኝቼ አላውቅም። እየቆረጠምሁ በግንዱ ላይ ተመለስሁ፤ ማስረጃ እንዳይገኝብኝ ግንዱ ላይ ቆሜ ሁሉንም ጨረስሁ።

እናቴ ከሩቅ ተነስታ ቆማ ነበር። ከኋላየ ነው የምታየው።

"አለ?"

"ማንም የለም፣ እምየ።"

"ማንም?"

"ዝንጀሮ ብቻ ነው ያለው።"

ዝንጀሮውን እኔ ነኝ የጨመርሁት። እሱ አላለኝም። ውሸት ትንሽ ቅመም ካልገባበት እንደማይበላ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

"ደህና አይተሃል? ቁጥቋጦው ሥርስ?"

"እሱ ሥር ነው ዝንጀሮው ያለው።"

ሳፋውን ገልብጣ ውሃውን ደፋች። ውሃው ሳሩ ውስጥ ገብቶ እስኪያልቅ አየችው። "እሽ" አለች። "እንግዲህ ቡሬን ጨረስን ማለት ነው። ለከርሞ ሊበን ነው የቀረን።" ሚኒባሱ ውስጥ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኛች፤ እኔ እናት፣ እሷ ልጅ የሆንን ነበር የመሰለኝ። ምስጢሬ እያሳከከኝ፣ ለከርሞ ስትደሰት እያሰብሁ ብቻየን ፈገግ እል ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ሰሞን ሞተች። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው አለ። ለቅሶው ላይ "ለከርሞ ሊበን ማን ይወስደኛል?" ብየ ጠይቄያለሁ አሉ። ሰው ልጅ ነው ብሎ አለቀሰልኝ።

ያምሮት ነች ያሳደገችኝ። በአሥራ አራት ዓመቴ ነግራኝ ስትጨርስ ተነስቼ ሾላ ወንዝ በእግሬ ሄድሁ። "ክንፈሚካኤል ዘላስታ?" አሉኝ። "ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። የት እንደሄደ ተማሪ አይናገርም።"

አስጎብኚ የሆንሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሥራውን ወድጄ ይመስለዋል። እንግዳው ፏፏቴ አሳየኝ ይላል፣ እኔ ቅኔ ቤት እወስደዋለሁ። ፈረስ ማየት ይፈልጋል፣ ቅኔ ቤት። አንዷ ፈረንጅ ሦስተኛው ላይ "ኖ ሞር ፕሪስት!" ብላ ጮኻብኛለች። እነሱ ፎቶ ሲያነሱ እኔ መምህሩን አያለሁ። ስም አልጠይቅም። መንገዱ ሲዘጋና እንግዳው ሲጠፋ ደግሞ ብቻየን በእግሬ መዞር ጀመርሁ።

ባለፈው ነሐሴ ሊበን ደረስሁ። ገበያ ላይ አንድ ገበሬ ከከተማው ማዶ ስላሉ መምህር ነገረኝ፤ ቁመተ ረጅም፣ ስማቸው መምህር ክንፈሚካኤል፣ አገራቸው የማይታወቅ። ጭቃውን እየረገጥሁ ስደርስ ጠዋት ነው፤ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ብሳና ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። መምህሩ ቆመዋል። ጢማቸው መሐሉ ሸብቷል። ትከሻቸውን አየሁ። ትከሻውን አወቅሁት።

"ምን ፈልገህ ነው ልጀ?"

"አስጎብኚ ነኝ፣ የኔታ።"

"እንግዳው የታለ?"

መንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋ። "ቡሬ" አልሁ። "ወንዝ ማዶ። ቆሎ ሰጥተውኝ ነበር።"

መቋሚያው ከእጁ ወደቀ። ተማሪዎቹ ሊያነሱ ተሽቀዳደሙ፤ በእጁ ከለከላቸው። ወደ አጥሩ ጥግ ይዞኝ ሄደ። ለረጅም ጊዜ ፊቴን ሲያይ ያልጠበቅሁትን ቁጣ አየሁበት።

"በዓመቱ በሩ ላይ ቆሜ ነበር" አለኝ። "ከነሐሴ መባቻ እስከ መስቀል። ጨርሼ ነበር። ለሚያልፈው ሁሉ 'ዳኘው ነኝ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የእንቁ ልጅ' እል ነበር፤ ተማሪው አበደ አለኝ። እግሬን አልታጠብሁም፤ እሷ ታጥበኝ ብየ። አልመጣችም። በሁለተኛውም ዓመት ቆምሁ። አልመጣችም። ደህና ናት ብለኸኝ ነበር። ደህና ሆና ካልመጣች ተስፋ ቆርጣብኛለች ማለት ነው አልሁ። እኔም ቆረጥሁ።" አጥሩን በእጁ ያዘ። "አሥራ ሰባት ዓመት ተቀየምኋት፣ አለበል። አሁንስ? ደህና ናት?"

ሺህ ዓመት የሚፈጥር ምላስ አለኝ አላልሁም? ሌላ ታሪክ ልፈጥርለት እችል ነበር። አምና ነው የሞተችው ብየ፣ በሰላም፣ እየመረቀችህ ብየ። አፌን ከፍቼ ነበር።

"ሞታለች" አልሁት።

"መቼ?"

"ያኔውኑ። ከወንዙ በኋላ በመጣው ኅዳር።"

ጣቶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ወር ነበር የሚቆጥረው። ሦስተኛው ጣት ላይ ቆመ።

"ሳል ነበር" አልሁ። "ሳቅ መስሎኝ ነው። ልጅ ነበርሁ፤ አላወቅሁም።"

"ለሷስ ምን ብለህ ነገርሃት?"

"ማንም የለም፣ ዝንጀሮ ብቻ ነው ያለው አልኋት።"

ይመታኛል ብየ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"አልዋሸሃትም" አለ።

ከዚያ ጥሎኝ ወደ ተማሪዎቹ ሄደ። ከፊታቸው ቆመ። መቋሚያ የለውም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር።

"እናት ያለው ይነሳ" አለ።

አንዱ ሌላውን በዓይኑ ጠርዝ ያያል።

"ጉባኤው ዛሬ የለም። እናት ያለው ይነሳና አሁኑኑ ወደ ቤቱ ይሂድ። ቅኔው ይጠብቀዋል፤ እኔም እጠብቀዋለሁ። ማንንም አልቀየምም። በማርያም፣ እናት ያለው ይነሳ!"

ከቅጠሉ ላይ ጠብታ ደበሏቸው ላይ ይወርዳል። አንድም የተነሳ የለም። ከፊት የተቀመጠው አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሸሚዙ ክርን ላይ በነጭ ክር፣ በትንንሽ ስፌት፣ በጥንቃቄ የተለጠፈ እራፊ አለ። የዚህ ዓመት ስፌት ነው፤ ክሩ ገና አልቆሸሸም። ልጁ ክርኑን በመዳፉ ሸፈነና መሬት መሬት እያየ፦

"የለንም፣ የኔታ" አለ።

"የለንም፣ የኔታ" አሉ ሌሎቹም ተከትለው።